ዝገት በቀለም አይድንም

የንባብ ክፍል፦ ዘሌዋውያን 14፥33-45፤ ምሳሌ 28፥13፤ ያዕቆብ 5፥16

አባታችን ወደ ጌታ ከሄዱ በኋላ ግቢያችን ውስጥ አንዲት አሮጌ ቮልስ ቀረች። ሞዴሏ እ.ኤ.አ. የ1968 ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህችን መኪና መግለጽ አያስፈልግም፤ ጀርባዋ ጎባጣ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ድምፅዋ ገና ከመንገዱ ጫፍ የሚለይ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስ ነበር። አባታችን ግን በእርሷ የሚሄዱት ወደ ጸሎት ቤት፣ ወደ ለቅሶ ቤትና ወደ ሆስፒታል ነበር። ከኋላ ወንበሯ ላይ መጽሐፍ ቅዱስና ጃንጥላ አይጠፉም።

እርሳቸው ካረፉ በኋላ መኪናዋን በላስቲክ ሸፍነን አቆምናት። ሁለት ክረምት አለፈ። ስለሸፈንናት የጠበቅናት መስሎን ነበር።

ዛሬ የምንጽፈው ያቺን ላስቲክ ስናነሣ ስላገኘነው ነገር ነው። ከዚያም የተነሣ የምናምነውን አንድ ነገር በግልጽ ለመናገር ነው፦ በመካከላችን ብዙዎች ከውስጥ የሚበሉት ኃጢአት ስለገባባቸው ብቻ አይደለም። የገባው የሚወጣበትን ቀዳዳ እኛው ስለደፈንነው ነው።

ለምን ልንሸጣት ተነሣን?

ገንዘብ ቸግሮን ነበር። እኛ አራት ወንድማማችና እኅትማማች ነን። ከእኛ አንዱ በስልክ በሚደረግ የስፖርት ውርርድ ተይዞ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ። ይህን የምንጽፈው እርሱ አንብቦ፣ ፈቅዶና አንዳንዱን ቃል በራሱ እጅ አስተካክሎ ነው። እሑድ ጠዋት ከመዘምራን ጋር ቆሞ ይዘምራል፤ እሑድ ማታ ስልኩን ይዞ የጨዋታ ውጤት ሲጠባበቅ ያመሻል።

ነገሩን ስናውቅ ያደረግነው ዕዳውን በዝምታ ለመክፈል መሯሯጥ ነበር። ከልምምድ ለምን ይቀራል ብለው ሲጠይቁን «ሥራ በዝቶበት ነው» አልን። እርስ በርሳችንም የአባታችን ስም እንዳይነሣ፣ የቤታችን ስም እንዳይጠፋ፣ የጌታም ስም እንዳይሰደብ ተባባልን። የጌታን ስም ከሦስቱ መጨረሻ ላይ እንደጠራነው ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

መኪናዋ ላይ ያደረግነውም ይህንኑ ነበር። የበሮቿ ታችኛ ጠርዝ ላይና ከበሮቹ ሥር ቀለሙ አብጦ ነበር። የጠራነው ቀለም ቀቢ «ስቱኮ ጠቅጠቅ አድርገን እንቀባታለን፤ ማንም አያውቅም» አለ። እኛም እሺ አልን። በአምስተኛው ቀን አበራች። ጎረቤቶች ሳይቀሩ አደነቁልን።

ሊገዙ የመጡት በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ። መኪናዋን ዞረው አዩ፤ ሞተሯን አስነሡ፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት አወጡና ከበሩ ሥር አስጠጓት። ማግኔት ብረት ይይዛል፤ ስቱኮ ግን አይይዝም። ማግኔቷ መሬት ወደቀች። አንሥተው ትንሽ ራቅ አድርገው ሞከሩ። እንደገና ወደቀች።

«ልጆቼ፣ ቀለሙ ቆንጆ ነው» አሉን። «የጴንጤ ልጆች ናቸው፣ አይዋሹም ብለውኝ ነበር የመጣሁት።» ሌላ ነገር አልተናገሩም። ማግኔታቸውን በጨርቋ ጠቅልለው ሄዱ።

ከቀለሙ ሥር

አብሮን የሚያመልክ አንድ ባቲላሜራ ወንድም አለ። በማግሥቱ አፍረን ሄድንና የሆነውን ሁሉ ነገርነው። መጥቶ መጀመሪያ ያዘዘን ወንበሮቹንና ሞኬቱን በሙሉ እንድናወጣ ነበር። «ዕቃዋ ካልወጣ አላያትም» አለን።

ሞኬቱ ሲነሣ የወጣው ሽታ እስከ ቤት ደረሰ። ዝናብ ካቆመ ሳምንታት ቢያልፉም ወለሉ እርጥብ ነበር። ዝናብ ይከለክላል ብለን የጣልነው ላስቲክ፣ የገባው እርጥበት እንዳይወጣ ይዞት ከርሟል። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ በእርሱ ሥር ያለው ወለል በአሲድና በእርጥበት ተበልቶ የግቢያችን አፈር ይታያል። ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፉ ሁለት የብረት ቦዮች አሉ፤ ከሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ውስጥ ያመጣሉ፣ የመኪናዋንም አካል አጽንተው ይይዛሉ። በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርጋቸው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈሩ።

አንድ ነገር አስገረመን። የዚህች መኪና ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም። የራሷ ውኃ የሌላት መኪና በውኃ ተበላች። ሁሉም ከውጭ የገባ ነበር፤ ጥቂት በጥቂት፣ ማንም ሳያየው።

ባቲላሜራው እየፋቀ ያስረዳን ጀመር። ብረት ውኃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል። አሉሚኒየም ላይ አየር ሲያገኘው የሚፈጠረው ስስ ሽፋን የውስጡን ይጠብቀዋል፤ የብረት ዝገት ግን ጠባቂ አይደለም። ውኃ ይይዛል፣ ይፈረፈራል፣ ከሥሩ ያለውን ደህና ብረት ለሚቀጥለው እርጥበት ይሰጠዋል። ደግሞም ዝገት ከበላው ብረት የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል። ስለዚህ በቀለም ላይ የምናያት ትንሽ እብጠት የነገሩ መጀመሪያ አይደለችም። ውስጥ ለውስጥ ሲሠራ የቆየው ወደ ውጭ መድረሱን የምትናገር ምልክት ናት።

ይህን ሲናገር ማናችንም ወንድማችንን ቀና ብለን ለማየት አልደፈርንም። እርሱም ወለሉን እያየ ነበር።

የተደፈኑት ቀዳዳዎች

በሮቹ ላይ ያየነው ግን ከሁሉ ይልቅ ሐሳባችንን ለወጠው። የመኪና በር ውስጡ ዝናብ ፈጽሞ እንዳይገባበት ተደርጎ የተሠራ ይመስለን ነበር። እንዲያ አይደለም። ዝናብ በመስታወቱ ላይ ወርዶ በሩ ውስጥ ይገባል፤ የሠሩት ሰዎችም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አበጅተዋል፤ የገባው ውኃ በእነርሱ ይወጣል፣ በሩም ይደርቃል። የእኛ መኪና ቀዳዳዎች በቅጠልና በአቧራ ተዘግተው ከርመው ነበር። የቀሩትን ደግሞ ያ የሚያብረቀርቅ ስቱኮ ደፈናቸው። መኪናዋን ስናሳምር የቀረችላትን መተንፈሻ ዘጋንባት።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ዓለም ስንኖር ውኃ አይግባብን ማለት አንችልም። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 1 ኃጢአት የለብንም የሚል ሰው ራሱን እንደሚያስት ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍም መናዘዝን፣ የእግዚአብሔርን ታማኝነትና የሚያነጻውን ደም ያነሣል። ያዕቆብም እርስ በርሳችን እንድንናዘዝና አንዱ ለሌላው እንዲጸልይ አዝዞናል። መውጫው በቃሉ ተሠርቶልናል፤ ጥያቄው ክፍት ነው ወይ የሚለው ነው።

በእኛ እይታ በብዙ ጉባኤዎቻችን ተደፍኗል። በምስክርነት ጊዜ የምንሰማው የድል ወሬ ብቻ ነው፤ ገና በትግል ውስጥ ያለ ሰው ማይክራፎን ጋ አይቀርብም። በቤት ኅብረት «የጸሎት ርእስ» ሲባል ስለ ቪዛ፣ ስለ ሥራና ስለ ጤና እናነሣለን፤ «ስልኬን መተው አቃተኝ»፣ «ባለቤቴን በቁጣ እሰብራታለሁ»፣ «ከመሥሪያ ቤት ገንዘብ ነክቻለሁ» የሚል ድምፅ እምብዛም አንሰማም። አንዱ ደፍሮ ቢናገር ደግሞ በሳምንቱ ነገሩ «ጸልዩለት» በሚል ስም ከስልክ ስልክ ይዞራል። ያንን ያየ ሌላው ቀዳዳውን ይደፍንና ይቀባል። አገልጋይም ይቀባል፤ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 13 ደካማ ቅጥር ላይ ኖራ የሚለስኑትን ነቢያት ይገሥጻል። ጥፋታቸው ቅጥሩ መድከሙ ብቻ አልነበረም፤ ደካማውን ጠንካራ አስመስለው ሕዝቡን ማስተኛታቸው ነው። ዝናቡ ሲመጣ ቅጥሩም ልስኑም አብረው ወደቁ።

አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ

ባቲላሜራው «ውኃው የሚገባበትን ሳናውቅ አንበይድም» አለ። በዚህ ጉዳይ ተጨቃጨቅን፤ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልገን ነበር። እርሱ ግን አልሰማንም። አዲስ ላሜራ ቢበየድም ዝናቡ በዚያው ከገባ በጥቂት ክረምት ያው ነው።

አፈላለጉ ቀላልና አድካሚ ነው። አንድ ሰው ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ከውጭ በጎማ ውኃ ያፈስሳል። ከላይ አይጀመርም፤ ከታች ተነሥቶ ቀስ እያሉ፣ አንዱን ቦታ ለብቻው ደቂቃዎች እያጠጡ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም ያዳርስና የቱ ጋ እንደገባ አይታወቅም። ደግሞም ውኃ የሚንጠባጠብበት ቦታ የገባበት ቦታ አይደለም። የእኛው የሚንጠባጠበው ከእግር መርገጫው በላይ ነበር፤ የሚገባው ግን ከፊት መስታወቱ ጥግ፣ ደርቆ ከተሰነጠቀው ጎማ ሥር ነበር። በላሜራው ውስጥ ተሸሽጎ እየሄደ ሌላ ቦታ ይወርድ ነበር።

ውስጥ የተቀመጠው ያ ወንድማችን ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል «እዚህ የለም»፣ «ቀጥሉ»፣ «ቆይ፣ አሁን መጣ» ሲል ቆየ። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ወጣና እንዲህ አለን፦ «የእኔም የሚገባው እናንተ ከምታስቡት ቦታ አይደለም። ገንዘብ ወድጄ አይደለም። አባባ ከሞቱ ጀምሮ ማታ ማታ ብቻዬን መሆን አልቻልኩም።»

እኛ የሚንጠባጠበውን ስናብስ ነበር የከረምነው፤ ዕዳውን። የሚገባበትን አንድም ቀን አልጠየቅነውም። እርሱም ብቻውን ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ ያው ሰው በአንድ ጊዜ ከውስጥም ከውጭም ሊሆን አይችልምና። ያዕቆብ «እርስ በርሳችሁ» የሚለውን አሳብ ለምን እንደጻፈ ያን ቀን ገባን።

«ፍቅር ይሸፍናል» ለሚሉን

ይህን ስንል የሚነሣ ጥያቄ እንዳለ እናውቃለን። ጴጥሮስ ፍቅር የኃጢአትን ብዛት እንደሚሸፍን ጽፎ የለም? ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቁትነት ሸፍነው አልተባረኩም? እውነት ነው። የወንድምን ገመና አደባባይ ማውጣት ወንጌል አይደለም።

ነገር ግን መሸፈን ሁለት ዓይነት ነው። መኪናችንን የሸፈነው ላስቲክ ብረቱ ላይ ተጣብቆ እርጥበቱን አፈነው። ባቲላሜራው ግን ግቢያችን ውስጥ በአራት እንጨት ላይ ቆርቆሮ አቆመላት፤ ዝናብ አይነካትም፣ አየር ግን በአራቱም ጎን ይገባል። ፍቅር እንደዚያ ቆርቆሮ ነው። ከወሬ ይከልላል፤ ከብርሃን ግን አይከልልም። ሴምና ያፌት አባታቸውን በልብስ ሸፈኑ እንጂ «አልሰከረም» ብለው አልተናገሩም።

ደግሞ በግልጽ መባል ያለበት አለ። አንድ ሰው ሕፃንን ወይም አቅም የሌለውን ሰው ከጎዳ፣ የትዳር ጓደኛውን ከደበደበ፣ የድሃ ገንዘብ ከበላ፣ «በፍቅር እንሸፍነው» ማለት ፍቅር አይደለም። እዚያ የተጎዳው ሰው አለ፤ እርሱ ይቀድማል፤ ሕግም አለ። እንዲህ ያለውን ለመሸፈን የጌታን ስም መጥራት ስሙን በከንቱ መጥራት ነው።

ከመቁረጥ በፊት መደገፍ

ጥገናው ብዙ ወራት ወሰደ። ባቲላሜራው የተበሉትን ቦዮች ቆርጦ ከማውጣቱ በፊት በበሮቹ ክፍት ቦታ የብረት ዘንግ በይዶ አካሏን ደገፈ። ካልተደገፈች አካሏ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ በሮቹ አይገጥሙም። ከዚያ ቆረጠ። ዝገቱ የሚታይበትን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ላሜራ እስኪያገኝ ድረስ ቆረጠ፤ የበሰበሰ ላይ የተበየደ አይይዝምና። አዲስ ላሜራ በየደ፣ አንቲረስት ቀባ፣ የመስታወቱን ጎማ ለወጠ፣ የበሮቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ጠረገ። ቀለም የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀለም ክፉ ነገር አይደለም፤ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው እንጂ።

ወንድማችንም ከሽማግሌዎች አንዱና የቤት ኅብረት መሪያችን ፊት ቀርቦ ነገሩን ተናገረ። እኛም «ሥራ በዝቶበት ነው» ያልነው ውሸት እንደነበር ተናገርን፤ ያ ለእኛ የንስሐ ቀን ሆነ። ለጊዜው ከመዘምራን አገልግሎት ዐረፈ። ግን ከማረፉ በፊት ሁለት ወንድሞች ተመደቡለት፤ ሳምንት ሳያልፍ ማታ ማታ ይመጣሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ይጸልያሉ። የባንክ ሒሳቡን ከእኅታችን ጋር በግልጽ ያያሉ። ቅጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይጣመም ነበር። መደገፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዝገቱ ይቀጥል ነበር።

በዘሌዋውያን 14 በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ ሕግ ተጽፏል። እኛ ስናነበው ሁልጊዜ የምናልፈው ክፍል ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ባለቤቱ ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ «በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር አያለሁ» ብሎ ሲናገር ነው። ካህኑም ከማየቱ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲሆን ያዝዛል። የታመመው ድንጋይ ይወጣል፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ አዲስ ድንጋይ ይገባል፣ ልስኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባቲላሜራው ይህን ክፍል እያሰበ ይሁን አይሁን አልጠየቅነውም። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነበር።

እኛ ደግሞ የሚበልጥ ሊቀ ካህናት አለን። ቆሻሻችንን ሲያይ ከቤት የማይወጣ፣ የበሰበሰውን በደሙ ያስወገደ፣ የራሱን ሕይወት በቦታው የሚሰጥ። ወንጌል ቀለም አይደለም። አዲስ ልብ ነው።

የቀረው

ያን ባለ ማግኔት አባት ስልካቸውን ፈልገን ደወልንላቸው፤ ይቅርታ ጠየቅን። ሌላ መኪና ገዝተው ነበር፤ ቢሆንም መጥተው አዩ። ማግኔቷ ከበሩ ሥር ተጣበቀች። እርሳቸው የላኩት ሰው መኪናዋን ገዛ። የተቆረጠውን፣ የተበየደውን፣ ሁሉንም በፎቶ አሳየነው። ከኋላ መስታወቱ አካባቢ አንድ ፍሳሽ እንዳለና ደጋግመን ፈልገን እንዳላገኘነውም ነገርነው። ዋጋ ቀነሰ። ያገኘነው ገንዘብ የዕዳውን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም። የቀረውን እየከፈልን ነው።

ወንድማችንም ገና በመንገድ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ወድቆ በማግሥቱ ራሱ ደውሎ ነግሮናል። እኛ ያንን ውድቀት ብቻ አድርገን አናየውም። ቀዳዳው ክፍት ሆኗል፤ ውኃው ይወጣል።

ጌታችን ብልና ዝገት በሚያጠፉት ምድር ላይ መዝገብ እንዳንሰበስብ አስተምሮናል (ማቴዎስ 6፥19-20)። ያቺ ቮልስ አንድ ቀን ታልቃለች። ስማችንም፣ የቤታችን ክብርም ያልቃል። ለሚያልቀው ስም ብለን የማያልቀውን የወንድማችንን ነፍስ በላስቲክ አንሸፍን።

በዚህ ሳምንት እነዚህን ሁለት ነገሮች በጌታ ፊት እንድታስቡ እንለምናችኋለን። በሕይወቴ ቀለሙ ያበጠበት ቦታ የት ነው? ደግሞስ አንድ ወንድም ወይም እኅት ነገ መጥቶ ቢናዘዝልኝ፣ ነገሩ በእኔ ዘንድ ይቀራል ወይስ ማታውኑ በስልክ ይዞራል? ሸክም ይዛችሁ የምታነብቡ ካላችሁ፣ ጌታን ገና የማታውቁም ብትሆኑ፣ አንድ የታመነ ሰው ፈልጉና ዛሬ ንገሩ። ብቻችሁን ከውስጥም ከውጭም ልትሆኑ አትችሉም።

*ጌታ ሆይ፣ የሸፈንነውን አንተ ታውቃለህ። ሳናፍር የምንናገርበት ልብ፣ የሰማነውን የምንጠብቅበት አንደበት ስጠን። የበሰበሰውን ቁረጥልን፤ ስትቆርጥም ደግፈን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።*